ድጋፍ ያለ ደጋፊ፦ የኪነ ጥበብ ፖሊሲ ቋንቋና የኢትዮጵያ ቋንቋዎች

መንግሥት ለኪነ ጥበብ ሊሰጠው ስለሚገባ ድጋፍ የሚደረገው ክርክር ብዙውን ጊዜ በበጀት ይጀምርና በበጀት ያልቃል። ከያንያኑ አነሰን ይላሉ፤ መሥሪያ ቤቱ ያለኝ ይኸው ነው ይላል፤ ሁለቱም ልክ ሆነው ይለያያሉ። ከገንዘቡ በፊት ግን ሊነበብ የሚገባው ሌላ ነገር አለ። ድጋፍ መጀመሪያ የሚሰጠው በዓረፍተ ነገር ነው። ዓረፍተ ነገሩ ደግሞ ባለቤት፣ ተሳቢና ግሥ አለው፣ ወይም የለውም። የቋንቋ ተመራማሪ በኪነ ጥበብ ፖሊሲ ክርክር ውስጥ የሚናገረው ነገር ካለው በዚህ በኩል ነው።

መነሻው የ1987ቱ ሕገ መንግሥት ነው። አንቀጽ 91 ባህልን የሚመለከቱ ዓላማዎችን ይዘረዝራል። በንኡስ አንቀጽ 1 ላይ መንግሥት ከመሠረታዊ መብቶች፣ ከሰብአዊ ክብርና ከዴሞክራሲ ጋር የሚጣጣሙ ባህሎችና ልማዶች በእኩልነት እንዲያድጉ የመርዳት ኃላፊነት ተጥሎበታል። በንኡስ አንቀጽ 3 ላይ ደግሞ ኪነ ጥበብን፣ ሳይንስንና ቴክኖሎጂን እንዲያስፋፋ ግዴታ ተጥሎበታል፤ ይህኛው ግን አቅም እስከፈቀደ ድረስ ነው። ሁለቱ ንኡስ አንቀጾች ጎን ለጎን ሲነበቡ ልዩነቱ ይወጣል። ባህልን መርዳት በእኩልነት ይለካል፤ የአቅም ገደብ አልተጻፈበትም። ኪነ ጥበብን ማስፋፋት በአቅም ይለካል፤ እኩልነት አልተጻፈበትም። አቅም የሚለው ገደብ ለኪነ ጥበብ ብቻ የተበጀ እንዳልሆነ መታወቅ አለበት፤ አንቀጽ 90 ጤናንና ትምህርትንም በዚያው ገደብ ያጥራል። ስለዚህ አርቃቂዎቹ ኪነ ጥበብን ለይተው ናቁት ማለት አይቻልም። የተለየው ነገር ባህልና ኪነ ጥበብ የተለያየ ባለቤት እንዲኖራቸው መደረጉ ነው። ባህል የብሔሮች፣ የብሔረሰቦችና የሕዝቦች ነው፤ በአንቀጽ 39 ንኡስ አንቀጽ 2 ላይም ከቋንቋ ጋር ተጣምሮ የቡድን መብት ሆኗል። ኪነ ጥበብ ግን የማን እንደሆነ አልተነገረም። በአንቀጽ 41 ንኡስ አንቀጽ 9 ላይ ሥነ ጥበብ እንደገና ብቅ ሲል የምናገኘው ከስፖርት ጎን ነው።

ይህ የሰዋስው ነገር ብቻ ቢሆን ኖሮ ለአንድ ሴሚናር ይበቃው ነበር። ነገር ግን ከ1987 ወዲህ የተሰጠው ድጋፍ በአብዛኛው ይህንኑ ዓረፍተ ነገር ተከትሏል። ለቡድን የሚሰጥ ድጋፍ አለ፤ የባህል ማዕከል ይሠራል፣ ሙዚየም ይቆማል፣ የባህል ቡድን ልብስና ከበሮ ይገዛለታል። በዚያው ቋንቋ ልብ ወለድ ለሚጽፈው፣ ግጥም ለሚገጥመው፣ ተውኔት ለሚያዘጋጀው ግለሰብ የሚሰጠው ግን በአቅም ተራ ላይ ቆሟል። አቅም ደግሞ ተራው እስኪደርስ ድረስ ያልቃል።

ባህል በመሥሪያ ቤት ስም ላይ ከማን ጋር እንደተቀመጠ ማየትም ይጠቅማል። በደርግ ዘመን የባህልና የስፖርት ጉዳይ ሚኒስቴር ነበረ። ከዚያ የማስታወቂያና ባህል ሚኒስቴር መጣ። በ1994 የወጣቶች፣ ስፖርትና ባህል ሚኒስቴር ሆነ። በ1998 የባህልና ቱሪዝም ሚኒስቴር ተባለ። በ2014 ቱሪዝም ለብቻው ወጥቶ ባህል ወደ ስፖርት ተመለሰ። ጎረቤቱ ማስታወቂያ ሲሆን ዘፈን መልእክት ይሆናል፤ ቱሪዝም ሲሆን ለጎብኚ የሚታይ ነገር ይሆናል፤ ስፖርት ሲሆን ደግሞ የሚወዳደር ቡድን ይሆናል። ቋንቋ በዚህ ሁሉ ዝውውር ውስጥ አንድም ጊዜ በስሙ ላይ አልታየም። ቅሬታው ተራ ሊመስል ይችላል፤ ነገር ግን በጀት የሚከፈለው በመሥሪያ ቤቱ ስም በሚታወቀው ሥራ ስለሆነ የጎረቤቱ ጠባይ ወደ ባህል ይጋባል።

የፖሊሲ ግሦች

የመጀመሪያው የኢትዮጵያ የባህል ፖሊሲ በ1990 ጸደቀ፤ ተሻሽሎ የወጣው በ2008 ነው። የሁለቱን ሰነዶች ዝርዝር እዚህ መድገም አያስፈልግም። የሚያስፈልገው በእንዲህ ዓይነት ሰነዶች ውስጥ የሚዘወተረውን የአማርኛ ግሥ መመልከት ነው። ድጋፍ ይደረጋል፤ ምቹ ሁኔታ ይፈጠራል፤ ትኩረት ይሰጣል፤ እንዲበረታቱ ይደረጋል፤ እንዲጎለብት ይሠራል። ሁሉም ተገብሮ ናቸው። በአማርኛ ተገብሮ ግሥ አድራጊውን ሙሉ በሙሉ ሊሰውር ይችላል፤ ተሳቢው ባለቤት ይሆናል፤ አድራጊው ያለ ምንም ቅሬታ ከዓረፍተ ነገሩ ይወጣል። “ድጋፍ ይደረጋል” የሚለው ሐረግ የተሟላ ዓረፍተ ነገር ነው። ማን እንደሚያደርግ፣ ለማን፣ ስንት፣ እስከ መቼ ብሎ የሚጠይቅ ሰዋስዋዊ ክፍተት አይተውም። ጠያቂው ክፍተቱን ከሰዋስው ውጭ፣ ቢሮ ለቢሮ እየዞረ መፈለግ አለበት።

“ድጋፍ” የሚለው ቃል በተራው አማርኛ እንዲህ ባዶ አይደለም። የዘመመ ግድግዳ በእንጨት ይደገፋል፤ እንጨቱን የተከለው ሰው ይታወቃል፤ እንጨቱ ሲነሣም ግድግዳው ምን እንደሚሆን ሁሉም ያውቃል። “ማበረታቻ”ም ከ“በረታ” የመጣ ነውና የደከመን ሰው ማጠንከርን ይጠይቃል። በመንግሥት መሥሪያ ቤት አማርኛ ግን ማበረታቻ ከዝግጅት በኋላ የሚሰጥ የምስክር ወረቀት ወደ መሆን ቀርቧል። ይህ የትርጉም መጥበብ ነው፤ የቃላት ታሪክ ጸሐፊ ሊመዘግበው ይገባል።

በንጽጽር የቅጣት አማርኛ ምን ያህል ጥርት ያለ እንደሆነ መመልከት ያስገርማል። በዚያው በነጋሪት ጋዜጣ ላይ የሚታተም አዋጅ ሲቀጣ ማን እንደሚቀጣ፣ በስንት ዓመትና በስንት ብር እንደሚቀጣ ይናገራል። ስለዚህ ችግሩ የቋንቋው አይደለም። አማርኛ መጠንን፣ ጊዜንና ተጠያቂን መጥራት ይችላል፤ ሲፈለግ ይጠራል።

ስለ ሰዎቹ መጠሪያም ትንሽ መባል አለበት። “አዝማሪ” ከ“ዘመረ” የተወለደ ነው። ከዚያው ሥር የወጣው “ዝማሬ” በቤተ ክርስቲያን ክብሩን ይዞ ሲቀር አዝማሪው ጠጅ ቤት ወርዶ ስሙ መሰደቢያ ሆነ። “ኪነት” ከግዕዝ የመጣ የሙያና የብልሃት ቃል ነው፤ ከ1966ቱ አብዮት በኋላ ግን የቀበሌው፣ የገበሬ ማኅበሩና የሠራተኛ ማኅበሩ የሙዚቃና የውዝዋዜ ቡድን “የኪነት ቡድን” ተባለ፤ ለዚያ ዘመን ሰው ኪነት ማለት ዩኒፎርም የለበሰ ጭፈራ ሆኖ ቀረ። “ድምፃዊ”ና “ከያኒ” ከዚህ ሁሉ ለመራቅ የተመረጡ የጨዋ ቃላት ናቸው። “አርቲስት” ደግሞ ዛሬ እንደ ዶክተርና እንደ ኢንጂነር ከስም በፊት የሚቀመጥ ማዕረግ ሆኗል። አገሪቱ ለባለሙያዋ ደኅና ስም ለማግኘት ይህን ያህል መድከሟ ራሱ የሚነግረን ነገር አለ፤ የስሙ ፍለጋ የሙያው ቦታ በሕግ አለመታወቁን ሲያካክስ የቆየ ይመስላል።

ደመወዝና ቋንቋ

መንግሥት በኢትዮጵያ ኪነ ጥበብን የደገፈበት ጥንታዊው ዘመናዊ መንገድ ደመወዝ ነው። የሀገር ፍቅር ማኅበር በ1927 የተቋቋመው ሊመጣ ያለውን የኢጣልያ ወረራ ለመመከት ሕዝብን ለመቀስቀስ ነበር፤ ቲያትር ቤትነቱ የተከተለው ከዚህ ዓላማ ነው። የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቲያትር፣ የዛሬው ብሔራዊ ቲያትር፣ በ1948 የዘውድ በዓሉ 25ኛ ዓመት ሲከበር ተከፈተ። ከእነዚህ ጎን የክቡር ዘበኛ፣ የፖሊስ ሠራዊትና የምድር ጦር ኦርኬስትራዎች ነበሩ። ጥላሁን ገሠሠና ማሕሙድ አሕመድ የክቡር ዘበኛ ድምፃውያን ነበሩ። ዘፋኙ ደመወዝተኛ፣ አንዳንዴም ባለማዕረግ ነበር። ይህ አሠራር የኢትዮጵያን ዘመናዊ ሙዚቃ አስገኝቷል፤ የነፋስ መሣሪያ ያን ያህል በብዛት የሚገዛ ሌላ አካል በአገሪቱ አልነበረም። የዚህን ውለታ መካድ ታሪክን መካድ ይሆናል።

ደመወዙ ግን ቋንቋም ይመርጥ ነበር። ለዚህ ከአፍረን ቀሎ የበለጠ ምሳሌ አይገኝም። በ1950ዎቹ ድሬዳዋ ላይ ወጣቶች ተሰባስበው በአፋን ኦሮሞ የሚዘፍን ቡድን አቋቋሙ። የመንግሥት ደመወዝ አልነበራቸውም፤ መድረካቸው ሠርግና የሰፈር በዓል ነበር። ቡድኑ በባለሥልጣናት ዓይን ሳይወደድ ቆይቶ ተበተነ። ከመካከላቸው የወጣው አሊ ቢራ በኋላ አዲስ አበባ መጥቶ የክቡር ዘበኛ ኦርኬስትራ አባል ሆነ። ስሙ ራሱ ከዘፈን የተወለደ ነው፤ “ቢራ” በአማርኛ ሰሚ ጆሮ መጠጥ ይመስላል እንጂ በአፋን ኦሮሞ ክረምት አልፎ የሚመጣው የብራ ወቅት ነው። በአንድ ሰው ሕይወት ውስጥ ሁለቱም መንገዶች ይታያሉ፤ ደመወዝ የሌለው ቡድን ቋንቋውን ሰጠው፤ ደመወዝ ያለው ኦርኬስትራ መሣሪያውንና ሰፊውን መድረክ ሰጠው። የድጋፍ ታሪክ ሲጻፍ ሁለተኛው ብቻ ከተቆጠረ፣ አሊ ቢራን አሊ ቢራ ያደረገው ነገር ከሒሳቡ ውጭ ይቀራል።

ድጋፍ ሞኖፖል የሚሆንበትም ጊዜ አለ። የሸክላ ሙዚቃን የማስመጣትና የማሳተም ብቸኛ መብት በንጉሠ ነገሥቱ ዘመን ለሀገር ፍቅር ተሰጥቶ ነበር። ዓላማው ማኅበሩን በገቢ መርዳት እንደሆነ መገመት አያስቸግርም። ውጤቱ ግን ሸክላ የማይታተምበት ዘመን ነበር። በ1961 ወጣቱ አምሐ እሸቴ ይህን መብት ጥሶ በግሉ ማሳተም ጀመረ፤ እስከ 1967 ድረስ ያሳተማቸው ሸክላዎች ዛሬ ዓለም የኢትዮጵያ ወርቃማ ዘመን ብሎ ከሚያደምጠው ሙዚቃ ዋናዎቹ ናቸው። የባህል ኢንዱስትሪ የሚባለው ነገር በኢትዮጵያ የተጀመረው ሕግ በመጣስ ነው ቢባል ብዙ ማጋነን አይሆንም።

ደርግ የደመወዙን አሠራር ወርሶ እስከ ቀበሌ አወረደው። እዚህ ላይ ፍርድ ሲሰጥ መጠንቀቅ ያሻል። በ1971 የተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ቀስ በቀስ 15 ቋንቋዎችን አዳርሷል፤ ለብዙዎቹ ያ የመጀመሪያው በብዛት የታተመ ጽሑፍ ነበር። የኪነት ቡድኖችም በየአካባቢው ቋንቋ ዘፍነዋል፤ “ሕዝብ ለሕዝብ” የተባለው ቡድን በ1980 ገደማ የብዙ ብሔረሰቦችን ዜማና ውዝዋዜ ይዞ ባሕር ማዶ ዞሯል። የዚያ ዘመን ድጋፍ ሌላው ገጹ ግን በበዓሉ ግርማ ዕጣ ይታያል። “ኦሮማይ” በ1975 በመንግሥቱ አሳታሚ በኩራዝ ታተመ፤ ወዲያው ከገበያ ተሰበሰበ፤ ደራሲው ከሥራው ተባረረ፤ በ1976 ከቤቱ ወጥቶ አልተመለሰም። ያሳተመውም የሰበሰበውም አንድ መንግሥት ነው። ቅድመ ምርመራ በ1985ቱ የፕሬስ አዋጅ ሲቀር ጸሐፊው ነጻ ወጣ፤ በዚያው ልክ ወረቀት የሚገዛለት አጣ። ነጻነቱ ከድጎማው በብዙ እንደሚበልጥ አከራካሪ መሆን የለበትም። ነገር ግን ከአማርኛ ውጭ ለሚጽፍ ደራሲ፣ ገበያው ጠባብ ወረቀቱም በውጭ ምንዛሪ የሚገባ ሆኖ ሳለ፣ ያለ ድጎማ የተሰጠ ነጻነት መጽሐፉን ከማተሚያ ቤት ደጅ አላስገባውም።

ወጋጎዳና ኅዳር 29

ከ1983 ወዲህ ያለው ዘመን ለቋንቋዎች የሰጠው ድጋፍ ከዚያ በፊት ከነበረው ሁሉ ይበልጣል። በአፍ መፍቻ ቋንቋ ማስተማር ተጀምሯል፤ ብዙ ቋንቋዎች ሥርዓተ ጽሕፈት አግኝተዋል፤ በየካቲት 2012 የጸደቀው የቋንቋ ፖሊሲ አፋን ኦሮሞን፣ ትግርኛን፣ ሶማሊኛንና አፋርኛን ከአማርኛ ጋር የፌዴራሉ የሥራ ቋንቋዎች እንዲሆኑ አስቧል። ነገር ግን ድጋፍ ከባለቤቱ አፍ ርቆ ሲታቀድ ምን እንደሚሆን የሚያሳይ አንድ ጠባሳ አለ።

በ1990ዎቹ መባቻ በሰሜን ኦሞ ዞን ወላይትኛን፣ ጋምኛን፣ ጎፍኛንና ዳውሮኛን በአንድ የጽሑፍ ቋንቋ ለማዋሐድ ተሞከረ። ስሙም ከአራቱ ስሞች የመጀመሪያ ፊደላት ተሰፍቶ “ወጋጎዳ” ተባለ። የመማሪያ መጻሕፍት ተዘጋጁ፣ ታተሙ፣ ተሠራጩ። ከቋንቋ ጥናት አንጻር ሐሳቡ መሠረት የለውም ማለት አይቻልም፤ አራቱ እጅግ ተቀራራቢ የኦሞቲክ ቋንቋዎች ናቸው፤ ተናጋሪዎቻቸውም በሰፊው ይግባባሉ። ከበጀት አንጻርም አራት ጊዜ ከማሳተም አንድ ጊዜ ማሳተም ይረክሳል። በ1992 መጀመሪያ ላይ ወላይታ ሶዶ ተነሣች። ሰው ሞተ፤ ብዙ ሰው ታሰረ፤ መጻሕፍቱም ተሰበሰቡ። በኋላ ለየቋንቋው የየራሱ መጽሐፍ ተዘጋጀ፤ ወላይታም የራሱን ዞን አገኘ።

ወጋጎዳ በፖለቲካ ተንታኞች ብዙ ተብሎበታል። በኪነ ጥበብ ድጋፍ በኩል ግን እምብዛም አልታየም፤ ሊታይም ይገባዋል። መጽሐፉ የማንም ዘፋኝ፣ የማንም አልቃሽ፣ የማንም ተረት አዋቂ አፍ ያልነካው ቋንቋ ነበር። ሰው ተጫውቶበት፣ ተሳድቦበት፣ ሠርግ ዘፍኖበት የማያውቀው ቋንቋ በመማሪያ መጽሐፍ ሊጀምር አይችልም። ለአንድ የጋራ የጽሑፍ ቋንቋ መንገድ ሊጠርግ የሚችል ነገር ቢኖር፣ በአራቱም ተናጋሪዎች ዘንድ የሚወደድ ልብ ወለድ፣ የሬዲዮ ድራማ ወይም የዘፈን ካሴት ነበር። ገንዘቡ የወጣው ግን ለሥርዓተ ትምህርት እንጂ ለእነዚህ አልነበረም። የቋንቋ ባለሙያው መመሳሰልን ለካ፤ ፍቅርን የሚለካ ሰው በጠረጴዛው ዙሪያ አልነበረም።

ሁለተኛው ነገር ጸጥ ያለ ነው። ሕገ መንግሥቱ የጸደቀበት ኅዳር 29 ከ1999 ጀምሮ የብሔር ብሔረሰቦችና ሕዝቦች ቀን ሆኖ በየተራ በክልሎች አስተናጋጅነት ይከበራል። የባህል ቡድኖች ከሚያገኙት ድጋፍ ዋናው የሚታየው በዚህ ቀን ነው። እያንዳንዱ ቡድን ደቂቃ ተቆጥሮ ይሰጠዋል። ከ80 በላይ ቋንቋ ያላት አገር በአንድ መድረክ ስትታይ ደቂቃ መቁጠር ግድ ነው። ግን ደቂቃው ምን እንደሚቆርጥ የንግግር ጥበብ አጥኚ ያየዋል። ልብስ ለመታየት አምስት ሰከንድ ይበቃዋል። ውዝዋዜ አንድ ደቂቃ። ገራርሳ ግን የጀግናውን ትውልድ እስኪቆጥር፣ የሶማሌ ገበይ ክርክሩን በአንድ ድምፅ ምት ይዞ እስኪያደርስ፣ ሙሾ የሟቹን ቤት እስኪዞር ጊዜ ይፈልጋሉ። ስለዚህ ወደ መድረኩ የሚወጣው የተደጋገመ አዝማች ነው፤ ሁለት ስንኝ ከነምላሹ። ተመልካቹ ቋንቋውን ሰማሁ ይላል፤ የሰማው ግን ቃላቱ ጌጥ የሆኑበትን ክፍል ነው። ይኸው ትርኢት በቴሌቪዥን ሲደጋገም ለቋንቋው ልጆችም ሳይቀር የዘውጉ መለኪያ ይሆናል፤ ወጣቱ አያቱ ያወረደችውን ረጅሙን ሳይሆን በመድረክ ያየውን አጭሩን ይማራል። የተደገፈው ዘውግ የደገፈውን መድረክ መምሰሉ የማይቀር ነው።

እዚህ ላይ መቃወሚያ ይነሣል፦ ያለዚህ ቀን እነዚያ ቡድኖች ከቀበሌያቸው ወጥተው የሚታዩበት ዕድል አልነበረም፤ ብዙ ወጣትም የወላጆቹን ዘፈን ለማጥናት ያነሣሣው ይኸው በዓል ነው። መቃወሚያው እውነት ነው። ይሁን እንጂ በዓሉ የሚያሳየውን ነገር በቀሩት 364 ቀናት የሚያፈራው ማን እንደሆነ ያለ መልስ ይተዋል።

የተቀረጸና ያልተቀረጸ

ከድጋፍ ሁሉ ቁርጥ ያለ ግሥ ያለው የቅጂ መብት ሕግ ነው። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ስለ ድርሰትና ኪነ ጥበብ ባለቤትነት ደንግጎ ነበር። በ1996 የወጣው የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410 ይህን ተክቶ ለደራሲው ዕድሜ ልኩንና ከሞቱ በኋላ ለ50 ዓመት መብት ሰጠ፤ ለከዋኙና ለድምፅ ቅጂ አዘጋጁም ተዛማጅ መብት አወቀ። በ2007 የተሻሻለው አዋጅ ቁጥር 872 የሮያሊቲ ክፍያንና መብትን በጋራ የሚያስተዳድር ማኅበርን ሥርዓት አስገባ። እዚህ ድጋፍ ምጽዋት መሆኑ ቀርቶ ክፍያ ይሆናል፤ ከፋዩም ተቀባዩም ስም አላቸው። በፖሊሲ ሰነዶች አጠገብ ሲነበብ እፎይታ ይሰጣል።

ሕጉ ግን አንድ በር አለው፤ በሩም ለቃል ጥበብ ጠባብ ነው። ሥራ ጥበቃ የሚያገኘው ወጥ ሲሆንና ግዙፍነት ሲያገኝ ነው፤ ማለትም ሲጻፍ፣ ሲቀረጽ፣ ሲታተም። አዝማሪው በዚያች ቅጽበት ለዚያ እንግዳ ያወረደው ግጥም አየር ላይ ነው፤ በቃሉ የሚያወርደው የሶማሌ ባለቅኔም፣ ተቀባዩ በቃሉ ይዞ ስሙን እየጠራ ቢያስተላልፍለትም፣ በሕጉ ዓይን ገና አልሠራም። በሶማሌ ባህል ግጥሙን ሲያስተላልፉ የባለቤቱን ስም መጥራትና ቃሉን አለመለወጥ የክብር ግዴታ ነው። ይህ ከማንም አዋጅ የቀደመ የደራሲነት ሕግ ነው፤ አዋጁ ግን ወረቀት ወይም ቴፕ ይጠይቃል።

ታዲያ ቴፑን የያዘው ማነው? ብዙውን ጊዜ የቋንቋ ተመራማሪው ነው። ተራኪዋ ተረቷን የነገረችው ለእርሱ መቅረጫ ነው፤ ግዙፍነት ያገኘው በእርሱ እጅ ነው፤ የድምፅ ቅጂ አዘጋጅ ተብሎ ተዛማጅ መብት ሊነሣለት የሚችለውም እርሱ ወይም ዩኒቨርሲቲው ነው። በጥናቱ ውስጥ ግን እርሷ “መረጃ አቀባይ” ትባላለች፤ ብዙ ጊዜም በፊደል ብቻ ትጠቀሳለች። ስም መደበቅ ለሕክምና ወይም ለወንጀል ጥናት ተገቢ ነው። ለባለቅኔ ግን ስሙን መደበቅ ድርሰቱን መውሰድ ነው። መንግሥት ከያኒውን ባለቤት በሌለው ግሥ ይደግፈዋል ብሎ የሚተች የቋንቋ ጥናት፣ ራሱ ከያኒውን በ“መረጃ አቀባይ” ስም ዓረፍተ ነገሩ ውስጥ አስገብቶ ከገጹ ላይ ሲያስወጣው ትችቱ ወደ ራሱ ይመለሳል።

ከጎረቤት

የኢትዮጵያ ጉዳይ ብቻውን አይደለም። ታንዛኒያ በ1967 እ.ኤ.አ. የኪስዋሂሊን ብሔራዊ ምክር ቤት አቋቁማ ቋንቋና ገንዘብን በአንድ አቅጣጫ አሰለፈች፤ የሙዚቃ ባንዶችም በመንግሥትና በማኅበራት ጥላ ሥር ይኖሩ ነበር። የሠራተኞች ማኅበሩ ባንድ ኑታ ጃዝ የማኅበሩ ስም ሲለወጥ ጁዋታ፣ ኋላም ኦቱ እየተባለ ስሙን ከአለቃው ጋር ይለውጥ ነበር፤ ጥላው ሲነሣ ግን ምሶንዶ ንጎማ ብሎ ራሱን ሰየመ። በዚያ አሠራር ኪስዋሂሊ እጅግ አተረፈ፤ የቀሩት ከ100 በላይ የሆኑት የአገሪቱ ቋንቋዎች ግን ከሒሳቡ ውጭ ነበሩ።

በኬንያ የካሚሪኢዙ መንደር ነዋሪዎች ያለ መንግሥት ሳንቲም በራሳቸው እጅ የአደባባይ ቲያትር ሠርተው በ1977 እ.ኤ.አ. በጊኩዩ ቋንቋ ተውኔት አሳዩ። ፈቃዱ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ተነጠቀ፤ ከተውኔቱ ደራስያን አንዱ ንጉጊ ዋ ቲዮንጎ ታሰረ፤ ቲያትሩም በ1982 ፈረሰ። ያ መንግሥት ብሔራዊ ቲያትር ነበረው፤ የባህል ድጋፍም ነበረው። የመንደር ሰው በመንደሩ ቋንቋ ያለ ድጋፍ ሲቆም ግን ሊታገሠው አልቻለም።

የሶማሊያው ታሪክ ለዚህ ጽሑፍ አንባቢ ይበልጥ ቅርብ ነው። መንግሥት ዋበሪ የተባለውን ታላቅ ቡድን ቀጥሮ አሳደገ፤ ሶማሊኛ በ1972 እ.ኤ.አ. ሥርዓተ ጽሕፈቱን አግኝቶ የመንግሥት ቋንቋ ሆነ፤ የሞቃዲሾ ብሔራዊ ቲያትር በሶማሊኛ ተውኔት ይሞላ ነበር። በ1988 ሐርጌሳ ከአየር ስትደበደብ ከሬዲዮ ሐርጌሳ የድምፅ ክሮች ብዙዎቹ የተረፉት ሰዎች እየሸሸጉና እየቀበሩ ስላዳኗቸው ነው። ድብደባው የመጣው ከዚያው ዘፋኞችን ከሚቀጥረው መንግሥት ነበር። ክሮቹን የቀበሩት ሰዎች በባህል ፖሊሲ ሰነድ ውስጥ ስም አልነበራቸውም።